እሳት የማይዘው ትራስ

እትዬ ክብሪትን «ክብሪት» ብሎ የሰየማቸው ገበያው ነው። ትራስ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትራሱን ሳይሆን ክብሪቱን ነበር። ከሽርጣቸው ኪስ ያወጡና ይጭሩታል፤ ከትራሱ ሆድ ቆንጥረው ያወጡትን ስፖንጅ በሁለት ጣታቸው ይዘው እሳቱን ከሥሩ ይደግኑበታል። ስፖንጁ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ትንሽ ይጨሳል። እሳት ግን አይዘውም። ክብሪቱ ጣታቸው ድረስ ነዶ ሲያልቅ «በሉ፣ አሁን የሌላውን ሻጭ አምጡና ሞክሩ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ገዢው ትራሱን ታቅፎ ይሄዳል።

የትራሱን ልብስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ሱቄና ግቢያቸው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰናሉ። ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ አለ፤ እኔ የተሰፋውን በዚያ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ሻይ በብርጭቆ ያቀብሉኛል። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በብዙ ዓመት ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ የሰማሁትን ነው። እትዬ ክብሪት ወሬ አያበዙም። ሲስቁ አይቻለሁ፣ ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ድረስ አይደርስም። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ፣ ይመለሳሉ። «ልባቸው ደርቋል» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። የደረቀ ልብ ለሰው ልጅ ትራስ ሲሠራ ያን ያህል አይጠነቀቅም።

ከግቢያቸው በስተኋላ የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት ቦይ ያልፋል። በሲሚንቶ የተሠራ ነው። የዝናብ ውሃ እንዲወስድ ቢሠራም ከላይ ያለው ጋራዥ፣ የመኪና እጥበቱ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ የሁላችንም ቆሻሻ ውሃ የሚሄደው ወደሱ ነው። በበጋ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ዝናቡ ሲመጣ ያገሳል። እትዬ ክብሪት ቦዩ ጠርዝ ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አላቸው። የሥራቸው ግማሽ የሚያልቀው እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር።

ስፖንጁ የሚመጣው አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ግቢና ወንበር ከሚጥሉ ቢሮዎች ነው። የመኪና መቀመጫ፣ የሶፋ ሆድ፣ የሚሽከረከር ወንበር መደገፊያ፣ ሁሉም በጋሪ ተጭኖ ይመጣል። መጀመሪያ በዱላ ይደበድቡታል። ቢጫ ብናኝ ይነሣል፤ ያኔ እኔ የሱቄን መስኮት እዘጋለሁ። ቀጥለው የቆሸሸውን በቢላዋ ይገፍፉታል። ከዚያ ክብሪቱ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጥግ ትንሽ ቆርጠው ይለኩሱታል፤ የነደደው ወደ ግራ፣ ያልነደደው ወደ ቀኝ። በጉን ከፍየሉ የሚለይ እረኛ ይመስሉኝ ነበር። የነደደውን ለመኪና አጣቢዎች ይሰጣሉ። ያልነደደውን በመቀስ ይከታትፉና ሳፋ ውስጥ በሳሙና ዘፍዝፈው በእግራቸው ይረግጡታል። ውሃው እስኪጠራ ይደፋሉ፣ ይሞላሉ፣ እንደገና ይደፋሉ። የሚደፉት ቦዩ ውስጥ ነው። ሌላ የት ይደፉታል?

ካልነደደውም መካከል ጭራሽ ጭስ እንኳ ያላወጣውን ለብቻው ያስቀምጡታል። «ይኼ የሕፃን ነው» ይላሉ። የሕፃን ትራስ የሚሞሉት በሱ ብቻ ነበር። የእኔም ልጆች ያደጉት በዚያ ትራስ ላይ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል። ክር እየጠቀለልኩ ነበር፤ ፊቴን ወደሳቸው ባዞር የሚያቋርጡ ስለመሰለኝ አላዞርኩም። እናታቸው ታመው የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከዋሉ ቆይተው ነበር። መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሰውላቸው፣ በጣሳ ክዳን ላይ አቁመውላቸው ውሃ ሊቀዱ ወጡ። ቧንቧው ላይ ሰልፍ ነበረ።

«ስፖንጅ እንደ እንጨት አይነድም» አሉኝ። «እንደ ዘይት ነው፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ስደርስ ጀሪካኑን እንደተሸከምኩ ነበርኩ። ውሃ ይዤ ነበር እኮ።»

ቀጥለው «ያ ሰማያዊ ክር አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ይኼ ይመስለኛል።

ከእናታቸው ሞት በኋላ አሮጌ ጨርቅ ሊለቅሙ ወደ መኪና መፍቻው ግቢ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛው የመኪና በር በእሳት ሲቆርጥ ፍንጣሪው አጠገቡ በወደቀ መቀመጫ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። እትዬ ክብሪት ለመጮህ አፋቸውን ከፈቱ። መቀመጫው ግን አልነደደም። ጥቁር ጥቁር ነጥብ ብቻ ወጣበት። ሄደው ተንበረከኩና በእጃቸው ዳበሱት። ሠራተኛው «እናት፣ ጤናም የለሽ?» ቢላቸው አልሰሙትም። «እግዚአብሔር ይኼንን እስከዛሬ የት ደብቆት ነበር?» እያሉ አንድ ቁራጭ ይዘው ወጡ። ትራስ መሥራት የጀመሩት ከዚያ ነው። ስለዚህ ያ ክብሪት ለሌላው ሰው የገበያ ማሟሟቂያ ቢመስልም ለሳቸው ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ልጅ አለቻቸው። አባቷ ገና ስትድህ ጥሏቸው ሄዷል። በስፖንጁ መካከል ነው ያደገችው፤ ክምሩ ላይ ትዘላለች፣ ሲደክማት እዚያው ትተኛለች። አሁን አግብታ ከመንገዱ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። የጋዝ ምድጃውና አልጋው ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም፤ መብራት ደግሞ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል፣ ሻማ የማይለኮስበት ምሽት የለም።

ልጅቷ ስታረግዝ እትዬ ክብሪት ለሚወለደው ልጅ ፍራሽ መሥራት ጀመሩ። የተከተፈ አልፈለጉም። ከአንድ ትልቅ መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ አንድ ወጥ ስፖንጅ አገኙ፤ ሲለኩሱት ጭስ እንኳ አላወጣም። ደጋግመው አጠቡት፣ ጣሪያ ላይ አደረቁት፣ ጠርዙን በመቀስ አስተካከሉት። ነጭ ልብስ ዳሩን ቢጫ አድርጌ ሰፋሁለት። በላስቲክ ጠቅልለው መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ምስማር መትተው ሰቀሉት። በሕይወታቸው ሲመኩበት ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። የመጣውን ሰው ሁሉ «ግባና እየው» ይሉ ነበር።

ቦዩን የሚጠርግ አንድ ሰው አለ፤ «ዶማው» ነው የምንለው። ዝናብ ሊገባ ሲል ሥሩ የተኛውን ደለል ይዝቅና ጠርዙ ላይ ይከምረዋል። ሲደርቅ ከከተማው ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚተክሉ ሰዎች በጆንያ ይወስዱታል። ዶማው አፉ አያርፍም። እትዬ ክብሪት ግቢ ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ስፖንጁ ላይ ተጋድማ ስትልስ ትውላለች። ያገኘችውን ትበላለች፣ ግን ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ዶማው ባያት ቁጥር «ይቺ ድመት ሆዷ ውስጥ ያለው ትል አይደለም፣ ጠበቃ ነው፤ ይበላል አይጠግብም» ይላል።

«አንተ ዶማ፣ እሷን ተውና ሥራህን ሥራ» ይሉታል እትዬ ክብሪት።

«እየሠራሁ ነው እትዬ። ከርስዎ ጓሮ የማወጣው ደለል እኮ ቅቤ ነው! ሰዎቹ በሱ ይጣሉበታል።»

ዶማው ጠርጎ በጨረሰ ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ጫማ አድርጋ ቦዩን ተከትላ ሽቅብ መጣች። እጇ ላይ ጓንት፣ ትከሻዋ ላይ ሳጥን አለ። ትንሽ ትሄድና ጎንበስ ብላ ረጅም እጀታ ባለው ማንኪያ ጭቃ ታወጣለች፣ ብልቃጥ ውስጥ ትጨምራለች፣ ክዳኑ ላይ ትጽፋለች።

ዶማው ክምሩ ላይ ተቀምጦ ሲያያት ቆየና «እህቴ፣ ጭቃ ከሆነ የምትፈልጊው ከኔ ውሰጂ፣ ለምን ትለፊያለሽ?» አላት።

«ጭቃው የት እንደነበረ ማወቅ አለብኝ» አለችው።

«ጭቃም መታወቂያ ይጠየቃል?»

ሳቀች። እኔም በመስኮት ሰምቼ ሳቅኩ። እትዬ ክብሪት ስፖንጅ እየረገጡ ነበር፤ ከሳፋው ወጡና እግራቸውን አድርቀው «ልጄ፣ ነይ ትንሽ አረፍ በይ፣ ሻይ አለ» አሏት። እንግዳ በእግሩ ቆሞ ማየት አይወዱም። ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እኔም የተሰፋ ትራስ ይዤ ገባሁ።

የከተማውን ውሃና ደለል ከሚመረምር መሥሪያ ቤት እንደመጣች ነገረችን። ቦዩ ወንዝ ከሚገባበት ሥፍራ ጭቃ ወስደው ሲመረምሩ መኖር የሌለበት ነገር አግኝተዋል። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ላይ እየወጡ ነው። ትልቁ ድልድይ ሥር ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ቦዮች ከሚገናኙበት አልፎ በዛ፤ ከዚህ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከሁሉም በለጠ። «ጋራዡ ይሆናል ብለን ነበር። ከጋራዡ ሥር ያለው ጭቃ ግን ምንም የለበትም» አለች።

ዶማው «የማይታይ ነገር ነው? ታዲያ እንዴት አገኛችሁት?» አላት።

«በመሣሪያ።»

እትዬ ክብሪት ይኼን ሁሉ ብዙም አልሰሙትም። የከሳች፣ የደከማት ልጅ ነበረች የምትታያቸው። «ልጅ አለሽ?» አሏት።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያው ትራስ ሳትወስጂ አትሄጂም።» ይዤ ከገባሁት ላይ አንዱን አነሡ፣ ጥጉን ከፈቱ፣ ስፖንጅ ቆነጠሩ። ክብሪቱን ጫሩ። ስፖንጁ ጠቆረ፣ ተጨማደደ። እሳት አልያዘውም። ክብሪቱ ነዶ አለቀ። «በይ፣ የሌላውን ሻጭ አምጪና ሞክሪ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ልጅቷ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እንዳስጠጋች ቀረች።

«እትዬ፣ ይኼ ስፖንጅ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከመኪና ነዋ፣ ከመቀመጫ። ከቢሮ ወንበርም አለ። ግን ታጥቧል።»

«እርስዎ ነዎት የሚያጥቡት?»

«ሌላ ማን አለኝ? ውሃው እስኪጠራ ነው የማጥበው።»

«ውሃውስ?»

እትዬ ክብሪት በአገጫቸው ወደ ቦዩ አመለከቱ። ልጅቷ ሻዩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እውነቴን ነው፣ ፊቷ ላይ የፈለገውን ያገኘ ሰው ደስታ አላየሁም።

«የምንፈልገው ይኼንን ነበር» አለች። ከዚያ በቀላል ቃል አስረዳችን። ስፖንጅ በራሱ በፍጥነት የሚነድ ነገር ነው። መኪናና የቢሮ ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች እሳት እንዳይዘው ብለው ኬሚካል ይጨምሩበታል። ኬሚካሉ ከስፖንጁ ጋር ተጣብቆ አይቀርም፤ እንደ ላብ እየወጣ አቧራው ላይ ይቀመጣል። ሲታጠብ ከብናኙ ጋር ይወርዳል። ከውሃው ጋር እምብዛም አይዋሃድም፤ ጭቃው ላይ ይይዝና እዚያው ይኖራል። ጭቃው ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል።

ዶማው ወደ ጆንያዎቹ ዞር አለ። «ጭቃውማ የሄደው ጎመን ሥር ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ይገድላል?» አሉ እትዬ ክብሪት።

«እንደ እሳት አይገድልም። ቀስ ብሎ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። አንገት ውስጥ ያለውን ዕጢ ሥራ ያዛባል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ሕፃናት ደግሞ ይድሃሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ይከታሉ፤ ከኛ ይልቅ ወደነሱ ይገባል። አእምሯቸው ሲያድግ ይጎዳቸዋል ይባላል። የትኛውን ልጅ ምን ያህል እንደሚነካ ግን ልነግርዎ አልችልም። አላውቅም።»

ድመቷ በመካከላችን አልፋ ስፖንጁ ላይ ወጣች። ልጅቷ አየቻት፣ ምንም ሳትል ዓይኗን መለሰች።

«የማይነደው ሁሉ አለበት?» አሉ እትዬ ክብሪት።

«ሁሉም ላይሆን ይችላል። ግን እትዬ...» አለች። «የማይነደውን እየለዩ ከነበረ፣ ኬሚካሉ ያለበትን ነው ሲለዩ የኖሩት።»

እትዬ ክብሪት የተቃጠለውን የክብሪት እንጨት አይተው ወደ ቀፎው መለሱት። ቀፎውን ኪሳቸው ከተቱ። በመኝታ ቤታቸው በር በኩል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ያ ነጩ ፍራሽ ይታይ ነበር።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሏት። «ልለውጥልሽ?»

ልጅቷ ስትሄድ ማጠቡን ለጊዜው እንዲያቆሙ ለመነቻቸው። «ጥፋተኛ የሚልዎ የለም» አለቻቸው። እትዬ ክብሪት ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግሥቱ ሳፋው ተደፍቶ አገኘሁት። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቦዩን ያያሉ። አልተናደዱም፣ አላዘኑም፤ እንዲሁ ተቀምጠዋል። ሻይ ባቀብላቸው ተቀብለው ሳይጠጡት መለሱልኝ። እኔ ቤቴ ገብቼ ልጆቼ የሚተኙበትን ትራስ ሳነሣና ሳስቀምጥ ነበር ያረፈድኩት።

ዶማው ወደ ጎመን ተካዮቹ ሄዶ ነገራቸው። «ጎመኑ ያማረበት ባንተ ጭቃ ነው፣ ሂድ ወዲያ» ብለው መለሱት። «ከድጡ ወደ ማጡ አሉ!» እያለ መጣ። «እኔ ደግሞ ማጡን በጆንያ አከፋፍዬ ጨረስኩት።» አዲሱን ደለል ግን ለማንም አልሰጠም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

እትዬ ክብሪትም ገበያ ቆመው ትራሱን መልሱ ማለት ጀመሩ። ጥቂቶች መለሱ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ግን ትራሷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «እራስዎ አይደሉም እንዴ በክብሪት ያሳዩኝ? አሁን ዋጋ ሲጨምር ሊነጥቁኝ ነው?» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች።

ልጃቸው የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ነጠላ ጫማ እየጎተተች ገባች። ቀኗ ደርሷል። እኔ አጥሩ ማዶ እሰፋ ነበር።

«እማዬ፣ ፍራሼስ? ምስማሩ ባዶ ነው።»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ሸጥኩት እንዳትዪኝ ብቻ!»

«አልሸጥኩትም። እሱ አይሆንም።»

የትራስ ዋጋ በሚናገሩበት ድምፅ ሁሉንም ነገሯት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። «አቤት እማዬ! ዕድሜ ልክሽን እሳት፣ እሳት ስትዪ ኖረሽ አሁን ደግሞ ኬሚካል፣ ኬሚካል...» ሳቋን ሳትጨርስ ቆመች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔስ?» አለች። «እኔ ምን ላይ ነው ያደግኩት?»

እትዬ ክብሪት ክምሩን ተመለከቱ። «እዚያ ላይ» አሉ።

ሳላስበው እግሬ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ቆሞ ነበር።

«ጤነኛ ነኝ እኮ» አለች ልጅቷ። ለራሷ ነው የተናገረችው። «ምንም አልሆንኩም። አይደል?»

«ምንም አልሆንሽም።»

«እና ምን ላይ ላስተኛው? ምድጃው አልጋው ሥር ነው። ሻማ እለኩሳለሁ። የሚነድ ነገር ላይ ነው የማስተኛው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም ትያለሽ! አንቺ ነሽ እኮ... አንቺ ነሽ ያስፈራሽኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ክብሪት ሳይ የምንቀጠቀጠው ባንቺ ነው!» አለቀሰች። እትዬ ክብሪት የሽርጣቸውን ጫፍ አቀበሏት። አጠገቧ ቆሙ። እሳቸው አላለቀሱም።

ከቀትር በኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ ጠሩኝ። «ሰፊው፣ ቁርጥራጭህን ምን ታደርገዋለህ?»

«አለ፣ ጆንያ ሙሉ ነው። ይውሰዱት።»

«ጥጥ ጥጡን ብቻ ነው የምፈልገው። ላስቲክነት ያለውን አውጣልኝ።»

አብረን ለየን። ጥጡን በፈላ ውሃ አጠቡት፣ አሰጡት፣ ሲደርቅ በመቀስ አደቀቁት። የኔ የአሥራ ምናምን ደንበኞች ሸሚዝና ቀሚስ ትርፍራፊ እዚያ ውስጥ ነበር። አዲስ ልብስ ሰፋሁ፤ አሁንም ነጭ፣ አሁንም ዳሩ ቢጫ። ሳቀብላቸው «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል እትዬ» አልኳቸው።

«እናቴን ጠብቅልኝ ብዬው ነበር የወጣሁት» አሉኝ።

እንደዚህ ያለ ቃል ከጸሎት የራቀ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን በኋላም ለሳቸው የምጸልየውን አላቆምኩም፤ ድምፄን ብቻ ቀነስኩ።

ፍራሹ ሲሞላ ልጃቸው መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ የመጨረሻውን ጥግ በእጅ ልዘጋ መርፌ ይዤ ነበር። «ቆይ» አሉኝ። ከክፍቱ ጥግ ጨርቅ ቆንጥረው አወጡ። ክብሪቱን ከኪሳቸው አወጡ። ማናችንም ልንከለክላቸው አልደፈርንም።

ጨርቁ ወዲያው ያዘ። ትንሽ፣ ቢጫ፣ ንጹሕ ነበልባል ነበር። እትዬ ክብሪት አልጣሉትም። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። ነበልባሉ እየወረደ ጥፍራቸው ጋ ደረሰ። አሁንም አልጣሉትም።

«እማዬ! እጅሽ!» ልጅቷ ከዚያ ሆዷ ጋር ተነሥታ እጃቸውን በጥፊ መታችው። ጨርቁ ወደቀ። በነጠላ ጫማዋ ረገጠችው።

እትዬ ክብሪት ጣታቸውን አዩት። ቀልቷል።

«ይነዳል» አሉ። ሰዓት ስንት ነው ተብለው የተጠየቁ ያህል ነበር። ከዚያ ክብሪቱን ለኔ ሰጡኝና «ዝጋው» አሉኝ፤ ጥጉን ማለታቸው ነው። «ፍራሹ የሚነድ ከሆነ እንግዲህ የማልተኛው እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ ክብሪት ከመንገዱ ማዶ ሄደው እዚያ ክፍል ገቡ። መጀመሪያ ያደረጉት ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ አማቻቸው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በአሮጌ ቆርቆሮ ከለላ ሠራለት። ሻማ የሚባል ነገር ከቤቱ ወጣ፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት ምስማር ላይ ተሰቀለ። እሳቸው ግን ይኼ ሁሉ በቂ አልመሰላቸውም። በበሩና በሕፃኗ መኝታ መካከል በርጩማ አድርገው ተቀመጡ። ጎናቸው ውሃ የሞላ ጀሪካን አለ፤ ክዳኑ ተከፍቶ።

ስፖንጁ አሁንም ግቢው ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተከምሯል። አይታጠብም፣ አይቃጠልም፣ ሜዳ ላይ አይጣልም። ባለ ጎማ ጫማዋ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ እየተፈለገ ነው ብላለች። ይገኛል ብዬ አምናለሁ። እሷ ጭቃ ልትወስድ ተመልሳ መጥታ ነበር። ማጠቡ ቢቆምም ቦዩ ሥር ያለው ቶሎ እንደማይለቅ ነገረችን። ድመቷ ሞታለች። ትራስ መሥራቱ ቀጥሏል፤ እኔ ቁርጥራጭ እለያለሁ፣ እትዬ ክብሪት ሕፃኗ አጠገብ ተቀምጠው ይከትፋሉ። ገበያው ቀዝቅዟል። ገዢ ሲመጣ «ክብሪቱስ?» ይላል። ክብሪቱ እኔ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ባለፈው ልጃቸው ልብስ ልታሰጣ በወጣችበት ከሰዓት ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። እንደዚያው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ሕፃኗ በጨርቄ ትርፍራፊ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ነጠላ ጸጉር የመሰለ እስትንፋስ ይሰማል።

«ትንሽ ጋደም ቢሉስ እትዬ?» አልኳቸው። «እኔ እቀመጣለሁ።»

እኔን አዩኝ፣ በሩን አዩ፣ የባትሪውን መብራት አዩ።

«ውሃው እዚህ ነው» አሉኝ ጀሪካኑን በእግራቸው ወደኔ ገፋ እያደረጉ።

«አየሁት።»

«ለምንም ነገር ብለህ እንዳትወጣ።»

«አልወጣም።»

ከበርጩማው ተነሡ። ወለሉ ላይ፣ ከሕፃኗ ፍራሽ ጎን በጎናቸው ተጋደሙ። ክንዳቸውን ተንተራሱ፤ ለራሳቸው ትራስ የላቸውም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔም በበርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀሪካኑን በሁለት ጉልበቶቼ መካከል አድርጌ፣ ልጃቸው እስክትመለስ።